ለእንግዳ የሚበራ ባትሪ

ወንድሜ ሶላሩን ያሰቀለው ፀሐይ በሚያገኘው በጓሮ በኩል አይደለም። የጓሮው ጣሪያ ከጠዋት እስከ አመሻሽ ጥላ አይነካውም፤ ጥፋቱ ከአስፋልት አለመታየቱ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ በሚወጣ ታክሲ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አንገቱን ሳያዞር እንዲያያቸው ተብሎ ፓነሎቹ በመንገዱ በኩል ተሰቀሉ። እዚያ ደግሞ የጎረቤታችን ባሕር ዛፍ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ጥላውን ያለብሳቸዋል። የሚሰቅሉት ሰዎች ራሳቸው፣ "ጋሼ፣ ይሄ ጥላ አለው እኮ" ብለውት ነበር። "ዛፉ ይቆረጣል" አላቸው፣ የገዛ ዛፉ ይመስል። ዛፉ እስከ ዛሬ ቆሟል።

ወንድሜ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኖ ብዙ ዓመት ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል፤ ከሥራው ይዞት የወጣው ትልቁ ነገር ምረቃ መውደድ ነው። አጥር ሲታጠር ይመርቃል፤ የውሃ ታንከር ሲቀመጥ ይመርቃል። የሚኖረው በከተማው ሌላ ጫፍ ባሠራው ቤት ነው። እኔ ባሌ ከሞተ በኋላ ጉለሌ፣ ወዳደግንበት ቤት ተመልሼ ከአባታችን ጋር መኖር ጀመርኩ። አባባ ሸማኔ ነበሩ። እግራቸውን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ከተው፣ ከመስኮት በሚገባ ብርሃን ጋቢና ነጠላ እየሠሩ ነው ያሳደጉን። እኔም ከእሳቸው የተማርኩትን ይዤ ለሽሮ ሜዳ ነጋዴዎች የነጠላ ጫፍ እቋጫለሁ። ወንድሜ ይህን ለሰው ሲናገር "እህቴ በዲዛይን ዘርፍ ነው የምትሠራው" ይላል።

ሶላሩ በተመረቀ በሳምንቱ፣ በጠራራ ፀሐይ መብራት ጠፋ። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ደስ አለኝ። ሥራዬን አስቀምጬ ተነሣሁና ማብሪያውን ተጫንኩት። የለም። ወደ ጓዳ ሄጄ ሌላውን ተጫንኩት። እሱም የለም። ጣሪያችን ላይ ፀሐዩ ይንቦገቦጋል፤ ከታች ማቀዝቀዣችን ውሃ ያንጠባጥባል። ደወልኩለት።

"አልበራም" አልኩት።

"ምኑ?"

"ሶላርህ ነዋ!"

"እ... ማለቴ፣ መብራት ጠፍቷል እንዴ?"

"ጠፍቷል።"

"እንግዲያው ትክክል ነው። መብራት ሲጠፋ እሱም ይጠፋል። ሲስተሙ ራሱን እየጠበቀ ነው።"

"እኛንስ ማን ይጠብቀን?"

"አንቺ ቴክኒክ አይገባሽም" ብሎ ዘጋው።

በኋላ እንደተረዳሁት የተናገረው እውነት ነበር። እንዲህ ያለው ባትሪ የሌለው ሶላር ከመንገዱ የመብራት መስመር ጋር ተያይዞ ነው የሚሠራው። መስመሩ ሲቋረጥ፣ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ እንዳይገድል ራሱን ያጠፋል። መልካም ነገር ነው። ወንድሜ ግን ይህን ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር፤ ለእኛ መንገር ብቻ አላስፈለገውም። እንዲህ እያለን፣ መብራት ሲኖር የሚኖር፣ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ነገር አናታችን ላይ ተሸክመን ሁለት ዓመት ከረምን። ሻማ ልገዛ ስወጣ ጎረቤቶች፣ "እናንተ ደግሞ ሻማ ምን ይሠራላችኋል?" ይሉኝ ነበር።

ከዚያ አባባ ታመሙ። ሳንባቸው ነው። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ካሳየን በኋላ፣ ቀንም ሌሊትም ኦክስጅን እንደሚያስፈልጋቸው ነገረን። ከአየር ላይ ኦክስጅን እያጠራ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫ የሚልክ ማሽን አገኘን። የትንሽ ሻንጣ ያህል ነው፤ ሲሠራ እንደሚያንኮራፋ ሰው ያጉረመርማል። የሚሠራው በመብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ሦስት ጊዜ ይጮህና ዝም ይላል። ለዚያ ጊዜ ብለን ጥግ ላይ አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር አቆምን። ሲሊንደሩ ደግሞ ያልቃል፤ ሲያልቅ ሁለት ወንድ ተሸክሞት፣ መኪና ተለምኖ፣ ተሞልቶ ይመለሳል። መብራት በጠፋ ቁጥር እኔ መርፌዬን ወርውሬ ወደ አባባ ክፍል እሮጣለሁ፤ ቱቦውን ከማሽኑ ነቅዬ ሲሊንደሩ ላይ እሰካለሁ፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ የሲሊንደሩን ቆጣሪ አያለሁ። ቀስቷ ወደ ግራ ስትወርድ እኔም አብሬያት እወርዳለሁ።

ወንድሜ ይህን የሰማው በስልክ ነው። "በቃ፣ ባትሪ እናስገባለን" አለ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። በሕይወቴ ወንድሜን ከልቤ ካመሰገንኩባቸው ጥቂት ቀኖች አንዱ ነው፤ ቶሎ ተጸጸትኩ እንጂ።

ከባትሪው ጋር አንድ ኢንጂነር ይዞ መጣ። ሰውየው ቤት ውስጥም የፀሐይ መነጽሩን አላወለቀም። ከወንድሜ ጋር ሳሎን ቆመው እጃቸውን እያወናጨፉ ተነጋገሩ፤ የአባባን ክፍል በር አልፈው አልተመለከቱም። አባባ ከውስጥ፣ "ማነው?" አሉ። ወንድሜ ካለበት ሆኖ፣ "ኢንጂነር ነው አባባ፣ ለእርስዎ ነው የመጣነው" ብሎ መለሰላቸው። ለእሳቸው ከመጣ በሩ አምስት እርምጃ ነበር።

ባትሪው ነጭ፣ ልሙጥ፣ የቁም ሣጥን መዝጊያ ያህል ነገር ነው። የት ይሰቀል ሲባል፣ ወንድሜ የሳሎኑን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር አየና የእናታችን ፎቶ ያለበት ቦታ ላይ ጣቱን ቀሰረ።

"እዚያ የእማማ ፎቶ አለ" አልኩት።

"አየሁት። ሌላ ቦታ ይሆናል።"

"ባትሪውስ ለምን ሌላ ቦታ አይሆንም?"

"አንቺ ደግሞ! ይሄ እኮ ዘመናዊ ነው፣ የሚደበቅ አይደለም። ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳ ነው።"

ፎቶው ወረደ። እኔ ተቀብዬ አቧራውን በቀሚሴ ጠርጌ አልጋዬ ራስጌ አስቀመጥኩት። ኢንጂነሩ ግድግዳውን ሲሰረስር ኖራው አባባ አልጋ ድረስ ቦነነ፤ ሳንባቸው ለታመመ ሰው! እርጥብ ነጠላ በሩ ላይ ዘርግቼ ተከላከልኩ። ማታ ሥራው አለቀ። ባትሪው ላይ አረንጓዴ መብራት በራ፤ ወንድሜም ፊቱን ዘንበል ቀና እያደረገ ፎቶ ተነሣ።

ምረቃው ለእሑድ ከቅዳሴ መልስ ተቀጠረ። የንስሐ አባታችን መጡ፤ የእድር ሴቶች መጡ፤ ከታች ሱቅ ያላቸው ሐጂ መጡ። ሐጂ ከአባባ ጋር ከወጣትነታቸው ጀምረው የሚተዋወቁ፣ ድር የሚያቀርቡላቸው የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። እንደገቡ ወንድሜን አልፈው በቀጥታ ወደ አባባ ክፍል ገቡና ትንሽ አውርተው ወጡ። ያን ቀን አባባን ገብቶ ያየ እንግዳ እሳቸው ብቻ ነበሩ። የንስሐ አባታችን ባትሪውን ጠበል ሊረጩት ሲሉ ኢንጂነሩ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ፤ "አባ፣ ውሃ አይነካውም!" ካህኑም ጠበሉን ወደ ጣሪያው ረጩና አሳለፉት። ሶላሩም እዚያው ስለሆነ ይደርሰዋል ብለው ይሆናል።

አሁን የሚቀረው መብራት መጥፋት ብቻ ነበር። ወንድሜ ቴሌቪዥኑን ከፈተ፤ ከባትሪው ጎን ቆመ፤ ሁላችንም ጠበቅን። በሳምንት አራት ቀን የሚጠፋው መብራት ያን ቀን ጭራሽ ደምቆ ዋለ። ምሳ ተበላ፤ አልጠፋም። ጠላው ተደገመ፤ አልጠፋም። አንዲት የእድር ሴት፣ "ዛሬ ምን ነካው? ሌላ ጊዜማ ወጥ ስናማስል ነው የሚሄደው" አለች። አንዷ ወደ ላይኛው ሰፈር ስልክ ደውላ፣ "እናንተ ጋ ጠፋ?" ብላ ጠየቀች። ያ ሁሉ ሰው በአንድነት መብራት እንዲጠፋ ሲመኝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ወንድሜ ግንባሩን ያብሳል። ኃላፊ በነበረ ጊዜ ባለሥልጣን አርፍዶበት ሪባኑ ፊት እንዲህ ቆሞ ያልበው እንደነበር ገመትኩ።

በመጨረሻ አልቻለም። "እንግዲህ በሰው ሠራሽ መንገድ እናሳያለን!" አለና ቆጣሪው ጋ ሄዶ ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች አወረደው።

ቴሌቪዥኑ አልጠፋም። የሳሎኑ አምፖሎች እንኳ ብልጭ አላሉም። ጭብጨባ ሆነ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ኢንጂነሩ መነጽሩን አወለቀ፤ ዓይኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ወንድሜ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ አለ።

እኔ ጓዳ ነበርኩ። በእልልታው መሐል ሦስት ጊዜ የሚጮህ ነገር ሰማሁ። መጀመሪያ ጆሮዬን አላመንኩትም። ሳሎን መብራት አለ፤ ባትሪው የመጣው ለዚሁ ማሽን ነው፤ እንዴት ይሆናል? ሮጬ ስገባ የአባባ ክፍል ጨልሟል፤ ማሽኑ ዝም ብሏል። አባባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው፣ ትከሻቸው ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ቱቦውን ነቅዬ ሲሊንደሩ ላይ ሰካሁት። ቀስቷ መጨረሻው አጠገብ ነበረች፤ ባትሪ ገብቷል ተብሎ ያን ሳምንት አላስሞላነውም።

ወደ ሳሎን ወጣሁ። "መብራቱን መልሰው" አልኩት።

"ምን?"

"አባባ ትንፋሽ አጥሯቸዋል። ማሽኑ ጠፍቷል። መልሰው!"

ወንድሜ በዝግታ ዞሮ አየኝ፤ ከዚያ ስልኳን ቀስራ ቪዲዮ ወደምትቀርጸው ሴት አየ፤ ከዚያ አንድ ጣቱን አነሣና፣

"አንድ ደቂቃ" አለኝ።

ይህችን አንድ ደቂቃ አልረሳትም። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፤ አባቱንም ይወዳል። ግን በዚያች ቅጽበት ከአባቱ ትንፋሽ ይልቅ የሚጨነቀው ለቪዲዮው ነበር፤ ጣቱ ሳያስብ ነው የተነሣችው። ሰው ሳያስብ የሚያደርገው ነገር ምን እንደሆነ ያን ቀን አየሁ። ገፍቼው አለፍኩና ማጥፊያውን ራሴ መለስኩት። ከአባባ ክፍል የማሽኑ ጉርምርምታ ሲመለስ ሁሉም ሰው ሰማው። ሐጂ ተነሥተው ማንንም ሳያናግሩ አባባ ጋ ገቡና አጠገባቸው ተቀመጡ።

አባባ ትንፋሻቸው ሲመለስ መጀመሪያ የተናገሩት፣ "ለምን ታሳፍሪዋለሽ ልጄን?" የሚል ነበር። ትራሳቸውን ቀና አደረግኩላቸው።

እንግዳው በጊዜ ወጣ። ኢንጂነሩን በር ላይ ያዝኩት። "የአባባ ክፍል ለምን ከባትሪው ጋር አልተያያዘም?"

"እትዬ፣ እኔ የታዘዝኩት ሳሎኑን ነው" አለ፣ መነጽሩን መልሶ እያጠለቀ። "ሳሎንና ቴሌቪዥን ነው የተባልኩት።"

ወንድሜ ከኋላዬ፣ "የአባባ ክፍል በሁለተኛው ምዕራፍ ነው የታቀደው" አለ። እንዲህ ነው ያለው፣ ቃል በቃል። አባታችን በሁለተኛው ምዕራፍ እንዲተነፍሱ ታቅዶላቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለተኛውን ምዕራፍ ስጠብቅ አንድ ወር አለፈ። ኢንጂነሩ ስልክ አያነሣም። ወንድሜ፣ "ሰውየው ሥራ በዝቶበት ነው" ይላል። መብራቱም ወደ ልማዱ ተመለሰ። በጠፋ ቁጥር ባዶው ሳሎናችን ቦግ ብሎ በርቶ፣ እኔ ጨለማ ውስጥ ከሲሊንደር ጋር እታገላለሁ። የማራዘሚያ ሶኬት ስቤ ከሳሎን ላመጣለት ሞከርኩ፤ ማሽኑ ሲነሣ ከቴሌቪዥኑና ሳሎን ካለው ማቀዝቀዣ ጋር ተደራርቦ ሁሉንም ጣለው። ለወንድሜ ስነግረው፣ "ነክተሽው ነው! ዋስትናው ተበላሸ!" ብሎ ጮኸ።

መላ ያመጡልኝ ሐጂ ናቸው። አንድ ጠዋት አባባን ሊጠይቁ መጥተው፣ "አንዲት ልጅ አለች" አሉኝ። "የጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣዎችን ሶላር የምትጠግን። የኔን ሱቅ ፍሪጅ የሠራችው እሷ ናት። አታወራም። ላምጣልሽ?"

ቅዳሜ ጠዋት በታክሲ መጣች። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች፣ አንድ የተላላጠ የመሣሪያ ቦርሳ የያዘች ሴት ናት። ሳሎን ገብታ ባትሪውን አየችና ግድግዳውን በመዳፏ ነካችው። የከሰዓት ፀሐይ በዚያ መስኮት ይገባ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይገባል አልኳት።

"ሙቀት ያሳጥርለታል። ባትሪው ግን ጥሩ ነው" አለች። "ጥፋቱ የሱ አይደለም። ለመሆኑ መብራት ሲጠፋ ቤት ውስጥ የግድ መሥራት ያለበት ምንድነው?"

ሁለት ዓመት ሶላር፣ ከዚያ ባትሪ፣ ከዚያ ምረቃ፤ ይህን የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ማሽኑን ነገርኳት። አባባ ክፍል ገባች፤ መሬት ላይ ተቀምጣ ሽቦውን በሚቆነጥጥ መሣሪያ ማሽኑ ምን ያህል እንደሚስብ ለካች፤ ወረቀት ላይ ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ አባባን አየቻቸው።

"አባባ፣ እርስዎስ? ከማሽኑ ሌላ ምን እንዲበራልዎት ይፈልጋሉ?"

ለእሳቸው ልመልስ አፌን ከፍቼ ነበር። ቴሌቪዥን አያዩም ልላት ነው። አባባ ቀደሙኝ።

"ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው ኮሪደር" አሉ። "እዚያ ጨለማ ነው። ቀንም ጨለማ ነው። እሷ እየመራች ትወስደኛለች።" ወደ እኔ ሳይዞሩ ትንሽ ተነፈሱ። "መብራት ካለ ብቻዬን እሄዳለሁ።"

ወንድሜን እየናቅኩ የኖርኩት እኔ፣ ያን ጊዜ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። በየቀኑ ክንዳቸውን ይዤ እስከ በሩ ስወስዳቸው ደግ ልጅ መሆኔን ነበር የማስበው። በር ላይ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ፤ "ጨረሱ አባባ?" እላለሁ። ከሰማንያ ዓመት በኋላ አንድን ሰው ይህ እንዴት እንደሚሰማው አልጠየቅኩም። ወንድሜ ሰው እንዲያየው ነበር የሚሠራው፤ እኔን ያየኝ ሰው አልነበረም፤ ግን እኔም ራሴን እያየሁ ነበር።

ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ሠራች። ባትሪውን ከሳሎን አውርዳ ቀዝቃዛ በሆነው በዕቃ ቤት፣ ከመሬት ከፍ አድርጋ ሰቀለችው። ሽቦውን ከአባባ ክፍል፣ ከኮሪደሩና ከጓዳው አንድ አምፖል ጋር ብቻ አገናኘችው። ሳሎኑን ከባትሪው ለየችው። ሁለት ፓነል ከባሕር ዛፉ ጥላ አውርዳ በጓሮው ጣሪያ ላይ አዞረች። ስትጨርስ ዋናውን አጠፋች። ማሽኑ ጉርምርምታውን አላቋረጠም። አላጨበጨብንም። አባባ ብቻ ከረጅሙ ቱቦ ጋር ተነሥተው፣ አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው፣ በኮሪደሩ ሄደው ተመለሱ። እኔ ጓዳ ገብቼ ዕቃ እንደማጥብ ሆንኩ።

ወንድሜ በሳምንቱ መጣ። ሳሎን ሲገባ ግድግዳው ላይ የእናታችን ፎቶ አለ፤ ዙሪያውን የተለሰነ ቀዳዳ ይታያል።

"ባትሪው የታለ?"

"ዕቃ ቤት።"

"ዕቃ ቤት! ከሽንኩርት ጋር?"

"ከሽንኩርት ጋር።"

"ማን ፈቀደልሽ?"

አባባ ከክፍላቸው፣ ድምፃቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "እኔ ነኝ ያዘዝኩት" አሉ። አላዘዙም ነበር፤ ነገር ግን ስልሳ ዓመት ሙሉ ለልጃቸው የተናገሩትን ሐሰት ብቆጥር ከዚያች ሌላ አላገኝም። ወንድሜ ወደ ፎቶው ዞረ። "እ... ማለቴ፣ እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት" አለና ተቀመጠ።

በሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። የምሰሶው ትራንስፎርመር እንደ ቦምብ ጮኸና ሰፈሩ በሙሉ ጠፋ። ወንድሜ ያን ቀን እኛ ጋ ነበር፤ መንገዱ ጎርፍ ሆኖ መመለስ አቃተው። ሳሎኑ ውስጥ ትንሽ ተቀመጠ። ሰማዩ ስለጠቆረ ሳሎኑም ጠቆረ። ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ሶኬት ለሶኬት ዞረ። መብራትም ቻርጅም ያለው በአንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ገባ። አባባ ታመው አንድ ሰዓት ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጦ የማያውቅ ሰው፣ ያን ቀን ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተቀመጠ። ስልኩ እስኪሞላ ነው እንዳልል፣ ከሞላም በኋላ አልወጣም።

ሲያያቸው ቆየና፣ "አባባ፣ ጺምዎ አድጓል" አላቸው።

"እህትህ ስትላጨኝ ትቆርጠኛለች" አሉ።

መላጫ ጠየቀኝ። ውሃ አሙቄ ሰጠሁት። ፎጣ አንገታቸው ላይ አድርጎ፣ ቱቦውን በአንድ ጣቱ ገለል አድርጎ ይዞ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ቀኝ ጉንጫቸውን መላጨት ጀመረ። እኔ በር ላይ ነጠላ እየቋጨሁ አያለሁ፤ እልሄ በረድ ሊልልኝ ምንም አልቀረውም። የቀኙን ጨርሶ ወደ ግራው ሊዞር ሲል ስልኩ ጮኸ። አነሣው።

"አዎ፣ አዎ፣ እኛ ጋ አለ!" አለ፣ መላጫውን እያወዛወዘ። "ቀድሜ አስቤበት ነበር እኮ... አዎ፣ በዲዛይኑ ከመጀመሪያው ለታካሚ ክፍል ቅድሚያ ነው የሰጠሁት..." እያለ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

አባባ አንዱ ጉንጫቸው ተላጭቶ አንዱ በአረፋ ተለብጦ ጠበቁት። አረፋው መድረቅ ጀመረ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ሳቃቸው መጣ፤ ሳላቸውን ቀሰቀሰው፤ በሳላቸው መሐል ደግሞ ሳቁ። መርፌዬን አስቀምጬ ግራውን እኔ ጨረስኩላቸው።

አባባ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከምናምን ኖሩ። ያረፉት በሆስፒታል ነው፤ የመብራት ጉዳይ አልነበረም። ማሽኑን ሐኪም ቤት ተኝታ ለነበረች ለአንዲት ጎረቤት እናት፣ ወደ ቤቷ ስትመለስ ሰጠኋት። በአርባው ወንድሜ ለተሰበሰበው ሰው፣ ማሽኑን ለችግረኛ መለገሱን በሰፊው ተረከ። ካህኑ ሊመርቁት እጃቸውን ሲያነሡ፣ "የሰጠሁት እኔ ነኝ" አልኩ ከሴቶቹ መሐል። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ወንድሜ ወደ ሳህኑ አቀረቀረ። እንደዚያ አቀርቅሮ ሳየው፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ "ባትሪውን ግን የገዛው እሱ ነው" አልኩ። እውነትም ስለሆነ። ካህኑ ሁለታችንንም መረቁን፤ ንፍሮው መዞር ጀመረ።